ድሬ ላይ አለባበስና ለከፋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ላይ ልብስ እሰፋለሁ፤ እነዚህ ልኬት ስወስድ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው።

ለከፋ የምንለው የቱን ነው? ሰላምታም ለከፋ ይባላል?

ድሬ ኩርፊያ የማያውቅ ከተማ ነው። የማታውቂው ሰው "አቦ እንዴት ነሽ?" ይልሻል። ሽማግሌውን አንተ፣ ትልቋን ሴትዮ አንቺ እያልን ነው ያደግነው። ስለዚህ አፉን የከፈተ ሁሉ ለካፊ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ደንበኞቼ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ በኋላ ይለምዱታል።

እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ዝም ስትዪው ምን ያደርጋል? ሰላም ያለሽ ሰው መልስ ባያገኝ ወደ ሻዩ ይመለሳል። ለካፊው ግን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ይከተልሻል፣ ወይ ይሰድብሻል። "ቆንጆ!" ብሎ የጀመረው ሰው አሥር እርምጃ ሳትርቂ "ምን አላት ደግሞ!" ካለ፣ መጀመሪያውንም አድንቆሽ አልነበረም። ስለ ገላሽ እየዘረዘረ የሚያወራ፣ መንገድ የሚዘጋ፣ እጅ የሚይዝ ደግሞ ምንም መለኪያ አያስፈልገውም።

ለድሬ ሙቀት ምን ይሻላል?

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ናይለን ገበር ያለው ቀሚስ አሰፉልኝ የሚሉኝን ሁሌም እከራከራለሁ። ገበሩ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ላብ አያሳልፍም። ጥጥ ይሻላል፤ ሰፋ ያለ፣ ክንዱ ለቀቅ ያለ።

ድሪያና ሽቲ የሚባሉት ቀሚሶች እዚህ የተወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፊ ናቸው፣ አየር ያስገባሉ። ድሪያ ስስ ስለሆነ ከስሩ የውስጥ ቀሚስ ይፈልጋል፤ እሱንም ከጥጥ አሰፊው። ባጃጅ የምታዘወትሪ ከሆነ ጠባብ ጉርድ ያስቸግርሻል፣ ስትወጪና ስትወርጂ ይይዝሻል። ጎኑን ትንሽ ስንጥቅ ብታስደርጊበት እግርሽ ይፈታል። ስንጥቅ መጀመሪያውንም የመጣው ለመራመድ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ለሌላ ነገር ይመስለዋል።

ወንዶቹማ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ደረታቸውን ከፍተው በረንዳ ላይ ይተኛሉ። "ምነው ተራቆትክ?" ያላቸው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሐረር ወይም ቁልቢ ስሄድ የተለየ ነገር ልልበስ?

ሐረር ለብርዱ ብለሽ ደረብ አድርጊ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም የደንገጎን ዳገት ስትወጪ አየሩ ሌላ ነው። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ብዙ ሴት ትሸፈናለች፤ የሐረሪ ሴቶች ባህላዊ ልብስም ከቀሚሱ ስር ሱሪ አለው። አንቺ ግን እንደነሱ የመልበስ ግዴታ የለብሽም። መስጊድ ወይም የአዋች (የወልዮች መቃብር) ስፍራ ከገባሽ ፀጉርሽን ሸፍኚ፣ ጫማሽን አውልቂ፤ ሴት የምትገባበት ክፍል የቱ እንደሆነም ቀድመሽ ጠይቂ። መኪና ግርግር ስትደርሺ ደግሞ ቆም ብለሽ ተመልከቺ። የስፌት መኪናው ድምፅ ለመንገዱ ስም እስኪሆን ድረስ ልብስ የሚሰፋበት ቦታ ነው። እኔ ስሄድ ቶሎ አልወጣም።

ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሰው ከሰው ይጣበቃል። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ነው። እጅ የሚሰድን ሰው ግን ነጠላው አይከለክለውም፤ ግፊያው ለሱ ይመቸዋል። ከሰው ጋር ሂጂ፣ ቦርሳሽን ከፊትሽ ያዢ፣ ግፊያው ሲበረታ ወደ ዳር ውጪ።

የትኛው ሰዓት ነው የሚብሰው?

እንደታዘብኩት ሁለት ሰዓት አለ። አንደኛው ከምሳ በኋላ ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ በርጫ፣ የከሰዓት ጫታቸውን፣ የያዙት ደግሞ በረንዳ ላይ ናቸው። ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ አላፊዋን ሴት ይቆጥራሉ። ሁለተኛው ከመሸ በኋላ የደቻቱን ወንዝ ስትሻገሪና መብራት በሌለበት መንገድ ላይ ነው። ከዚራ ሰፈር ጥላው ደስ ይላል፣ መንገዱ ግን ሰፊና ጭር ያለ ነው። የመጋላ ገበያ ሰፈር ትርምስ ቢሆንም በየበሩ የሚያውቁሽ ነጋዴ ሴቶች አሉ። እኔ ትርምሱን እመርጣለሁ።

ምክንያቱ ጫት ነው የሚሉ አሉ። ጫት የሚቅም ሁሉ ቢለክፍ ድሬ ላይ መውጫ አይኖርም ነበር። እኛ ሴቶቹም እንቅማለን እኮ።

ሙሉ በሙሉ ብሸፈን ይተዉኛል?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው። መልሱ አይተዉሽም ነው። ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን ጅልባብ የሚያሰፉ ደንበኞች አሉኝ። ከነሱም የምሰማው ያው ነው። "ዓይኗ እንዲህ ከሆነ..." ይሉኛል ብላ የነገረችኝ አለች። ሌላዋ ደግሞ ሂጃብ ማድረግ ከጀመረች ወዲህ የተለወጠው ቃሉ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ድሮ "ማሬ" ይሏት ነበር፣ አሁን "እህቴ" እያሉ ይከተሏታል።

የኛ ከተማ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። ግብፅ ውስጥ ብዙ ሴት ፀጉሯን ትሸፍናለች። በፈረንጆች 2013 የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት የግብፅ ሴቶች 99.3 በመቶዎቹ ትንኮሳ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። መሸፈን የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እዚህ ባልደረሰ።

በፈረንጆቹ 2018 ደግሞ ብራስልስ ከተማ ውስጥ የተደፈሩ ሴቶች የዚያን ዕለት ለብሰውት የነበረውን ዓይነት ልብስ የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ ተከፍቶ ነበር። ፒጃማ አለ፣ ቱታ አለ፣ የሕፃን ካናቴራም አለ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልብስ ሳይ መጀመሪያ የማስበው የማን ልክ ነው ብዬ ነው። የዚያ ካናቴራ ልክ ከአእምሮዬ አልወጣም።

መሸፈን ለእምነትሽ፣ ለፀሐዩ ወይም ስለሚያምርሽ ከሆነ እሰየው፣ እኔው እሰፋልሻለሁ። ለካፊ ይከላከልልኛል ብለሽ ከሆነ ግን ገንዘብሽን አታባክኚ።

ይሄ የዘመኑ ፋሽን ያመጣው አይደለም? ድሮ እንዲህ ነበር?

በመጋቢት 1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ያኔ የዩኒቨርሲቲው ስም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው። ወንድ ተማሪዎች የምዕራባውያን ባህል ወረረን ብለው ተቃወሙ። ለትርኢቱ በመጡ ሴቶች ላይ እንቁላል ወረወሩ፣ በጥፊ የመቷቸውም ነበሩ። እነዚሁ ተማሪዎች ለገበሬው መሬት፣ ለጭቁኑ መብት የሚጮኹ ናቸው። አብራቸው የምትማረው ልጅ ጉርድ ላይ ሲደርሱ ግን እንቁላል አነሱ። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሆነው እንግዲህ፤ "የዘመኑ ፋሽን" የሚባለው ወቀሳ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል።

ሲለክፉኝ ምን ልበል?

አንድ መድኃኒት የለውም። ዝም ብሎ ማለፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ ውስጥሽ ግን ይቀራል። ሰው ባለበት ቦታ ከሆነ ግን ጮክ ብለሽ "ምን አልክ? ድገመው!" በዪው። ለካፊ የሚተማመነው በማፈርሽ ነው። ሲዞርበት ራሱ ያፍራል፣ ጓደኞቹም ይስቁበታል። ድሬ ላይ ቋንቋ መቀየርም ይጠቅማል፤ በአማርኛ "ተወኝ"፣ በኦሮምኛ "ና ዲሲ"፣ በሶማልኛ "ኢ ዳ"። የገዛ ቋንቋው ስትመጪበት ከሰፈሩ ሰው የተመከረ ያህል የሚደነግጥ አለ።

"እህት የለህም?" የሚለው መልስ የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። እህት የሌለው ሰው ሊለክፍ ነው እንዴ?

ብቻሽን ሆነሽ የሚከተልሽ ካለ ግን መልስ መስጠቱን ተዪው። የመጀመሪያው ክፍት ሱቅ ግቢ፣ ቢቻል ሴት ያለችበት። "የሚከተለኝ ሰው አለ" በያት፤ ወንበር ሳትስብልሽ የምትቀር የድሬ ሴት አላውቅም። ቀጥታ ወደ ቤትሽ አትሂጂ፣ በርሽን ታሳይዋለሽ። ባጃጅ ውስጥ ከሆነ ከሹፌሩ ጎን አትቀመጪ። ታርጋውን ጮክ ብለሽ በስልክ ለሰው ንገሪ፤ ስልኩ ሌላ ጫፍ ላይ ማንም ባይኖርም ችግር የለውም።

ፖሊስ ጋ ብሄድ "ምን ለብሰሽ ነበር?" አይሉኝም?

ሊሉሽ ይችላሉ። አንድ ደንበኛዬን ብለዋታል፣ ከነንዴቷ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ሕጉ ግን አይጠይቅሽም። የሴት ቀሚስ ርዝመት የሚወስን ሕግ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ ጥፋተኛውን በልብስሽ ምክንያት ነፃ የሚያወጣ አንቀጽም የለም።

በሌላ በኩል "የመንገድ ለከፋ" በሚል ስም የተጻፈ አንቀጽም የወንጀል ሕጉ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስታመለክቺ "ለከፈኝ" ብቻ አትበዪ፣ ያደረገውን ዘርዝሪ። ከሰደበሽ ስድብና ማዋረድ አንቀጽ 615 ላይ አለ። ካስፈራራሽ ዛቻ አንቀጽ 580 ላይ ነው። በኃይል ወይም በከባድ ማስፈራሪያ አስገድዶ የብልግና ድርጊት የፈጸመብሽ ከሆነ አንቀጽ 622 ነው፤ ይሄኛው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ስድብና ዛቻ የሚከሰሱት ተበዳይዋ ስታመለክት ስለሆነ አትዘግዪ፣ የአቤቱታው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያየ ሰው ካለ ስሙን የዚያኑ ዕለት ወረቀት ላይ ጻፊ። በሁለተኛው ሳምንት ይምታታብሻል።

ነገሩ ከዚህ ከፍቶ መደፈር ከሆነ ከፖሊስ ጣቢያም በፊት ሆስፒታል ሂጂ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ልብሱን አትጠቢው፣ በወረቀት ጠቅልለሽ ያዢው።

መንገድ ላይ ፎቶ አንስቶኝ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ይሄስ?

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። በስልክም በኢንተርኔትም ማስፈራራትን፣ ደጋግሞ መልእክት እየላኩ ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን ያስቀጣል። ሲያናድድሽ ወዲያው አታጥፊው። መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሺ፤ የላከው ሰው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። ከዚያ ብሎክ አድርጊው።

አለቃዬ በየቀኑ ስለ ልብሴ ያወራል። ሥራዬን እፈልገዋለሁ።

ይሄ ከመንገዱ ይከብዳል። መንገድ ላይ ያለውን ታልፊዋለሽ፣ አለቃን ግን ነገም ታገኚዋለሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። ትንኮሳ የሚለውም በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ አንድን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ ለማግባባት የሚደረገውን ነው። "ቀሚስሽ ያምራል" ብቻውን እዚህ ላይገባ ይችላል። "ቀሚስሽ ያምራል፣ ማታ ለብሰሽው እንገናኝ፣ ስለ እድገትሽም እናወራለን" ግን ይገባል።

ትንኮሳው ከአሠሪሽ ወይም ከሥራ መሪ የመጣ ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችያለሽ። የሥራ ባልደረባሽ ሆኖ ለአሠሪው ነግረሽው ዝም ካለም እንደዚሁ ነው። ከሥራ ስንብት ክፍያው በተጨማሪ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ ይገባሻል። ነገር ግን ይሄን መብት የምትጠቀሚበት ጊዜ አጭር ነው፣ 15 የሥራ ቀን። ስለዚህ "እስኪ ይተወኝ ይሆናል" እያልሽ ወር አትቁጠሪ። አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂውን ቤትሽ አስቀምጪ። መልቀቅ የማትችዪ ከሆነም መጻፉን አትተዪው።

ወንድ ነኝ። ታዲያ ሴት ማድነቅ ቀረ ማለት ነው?

የሚስታቸውን ልብስ ሊወስዱ የሚመጡ ባሎች ይጠይቁኛል፣ ግማሹ በቀልድ። አልቀረም። የምታውቃት ከሆነ "ልብስሽ ያምራል" በላትና ወሬህን ቀጥል። የማታውቃት ከሆነ ብቻዋን በጨለማ አትጥራት፣ መንገዷን አትዝጋ፣ ስለ ገላዋ ክፍል አታውራ። ዝም ካለችህ መልስ ሰጥታሃለች። ጓደኛህ ሲለክፍ ደግሞ አትሳቅለት፤ የሚለክፈው ላንተ እኮ ነው፣ እሷማ ካለፈች ቆይታለች።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ምን ብዬ ልንገራት?

እኔ የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ይከተለኝ ነበር። የለበስኩት ዩኒፎርም ነው፤ ከጉልበቴ በታች፣ ሰፊ፣ ቀለሙ የለቀቀ። ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ሰፊ ናት። ምንም ሳትናገር የቀሚሴን ጠርዝ ፈታ አራት ጣት አስረዘመችው። ሰውየው ግን ጠርዝ ሲለካ አልነበረም። በማግሥቱም እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ።

እናቴን አልወቅሳትም። በእጇ ያለው መርፌ ነበር፣ በምታውቀው ሞከረች። እኔ ግን ከዚያ የተማርኩት ጥፋቱ የቀሚሴ እንደሆነ ነው። ሌላ ጊዜ አንድ ሰው ሲነካኝ ለማንም አልተናገርኩም፣ የዚያን ቀን ቀሚሴ አጭር ነበራ። ልጅሽን መጀመሪያ "ምንም ብትለብሺ፣ የትም ብትሆኚ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም" በያት። ከዚያ በኋላ ስለ ልብስ የፈለግሽውን ተከራከሪያት። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጊው። ስትነግርሽም መጀመሪያ የሚቀየረው ልብሷ አይሁን። ሰውየው የት እንደሚቆም ጠይቂያትና ሄደሽ እዪው።

ባሌ "አምንሻለሁ፣ ወንዶቹን ነው የማላምነው" ብሎ ልብስ ያስቀይረኛል።

አንዳንዱ ከልቡ ይፈራል። ያደገው በረንዳ ላይ ነው፣ እዚያ የሚባለውን ያውቃል። "የምትፈራው እነሱን ከሆነ ማታ መጥተህ ውሰደኝ" ብለሽ ሞክሪው። የፈራልሽ ሰው ይመጣል። ልብስሽን ብቻ እያየ ሳይመጣ የሚቀር ከሆነ ፍርሃቱ ስለ ወንዶቹ አይደለም። በልብስ የጀመረው ወደ ስልክ፣ ወደ ጓደኛ፣ ወደ ደመወዝ ሲሄድ አይቻለሁ። ያኔ የልብስ ሰፊ ምክር አይበቃሽም፣ ለቤተሰብ ወይም ለምታምኚው ሽማግሌ ንገሪ። እጁን ካነሳ ደግሞ ለፖሊስ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለመታየት ብዬ ነው የለበስኩት። ታዲያ ሲለክፉኝ የመከፋት መብት አለኝ?

ይሄን የጠየቀችኝ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ሁላችንም እንዲያምርብን እንለብሳለን፤ አለዚያ እኔም ሥራ አይኖረኝም ነበር። ሐረር ላይ ሹዋሊድ ሲከበር ወጣቱ አጊጦ የሚወጣው ሊታይም ሊያይም ነው። ማንም ነውር ነው አይልም፣ የበዓሉ ወግ ነው። መታየት አንድ ነገር ነው፣ መነካትና መዋረድ ሌላ። ሱቅ ዕቃውን መስኮት ላይ የሚሰቅለው እንዲታይ ነው፤ ይዞ የሚሮጠውን ግን ሌባ ነው የምንለው። ምሳሌው ራሱ አላማረኝም፣ ሴት ዕቃ አይደለችም። ግን ገበያ ውስጥ ስለምኖር የሚመጣልኝ እሱ ነው።

ልጅቷ የዚያን ቀን የመጣችው የቀሚሷን ስንጥቅ ልታስዘጋ ነበር፣ ዘግቼ ሰፋሁላት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ቀሚሱ አላራምድ ብሏት ባጃጅ ላይ ልትወድቅ ነበር። "ክፈቺልኝ" አለችኝ። ለመክፈት አላስከፍልም።